‹‹የሚያሸንፈውን›› እንምረጥ ወይስ የምናምንበትን?

(ይህ ጽሁፍ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ የአሜሪካ ዜግነት ለወሰዱ ኢትዮጵያውያን ያደረግሁት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። አገር ቤት ላለው አንባቢ ግልጽ እንዲሆን ደግሞ ስለ ምርጫው አሰራር ጥቂት መስመሮች ጨምሬበታለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ የሰጡኝ ርዕስ ‹‹በ2028 ማንን እንምረጥ?›› የሚል ነበር። በይቅርታ ርዕሱን ቀይሬዋለሁ። እዚህም እዚያም እየጻፈ የሚኖር፣ ከአንዲት የኮሌጅ ዲፕሎማ በቀር የሚያሳየው ወረቀት የሌለው ጋዜጠኛ ለእናንተ እጩ ሊመርጥላችሁ አይገባም። ሌሊት ሰርታችሁ፣ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት አድርሳችሁ፣ ግብር ከፍላችሁ የምትኖሩት እናንተ ናችሁ። የሚበጃችሁንም የምታውቁት እናንተው ናችሁ። እኔ የመጣሁት ስለ አንዲት ቃል ላወጋችሁ ነው። ‹‹አያሸንፍም›› ስለምትባለው ቃል።

ይህችን ቃል ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ታክሲ ተራ ላይ ትሰማለች፣ ቡና ላይ ትሰማለች፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢ ውስጥ ትሰማለች። ‹‹ሰውየው ጥሩ ነው፣ ግን አያሸንፍም!›› ‹‹ሴትየዋ እውነቷን ነው፣ ግን አሜሪካኖች ሴት አይመርጡም!›› ‹‹ልክ ነው የሚናገረው፣ ግን ማን ይሰማዋል?›› ከዚያ ምን ይከተላል? ‹‹ስለዚህ ለዚያኛው ሰጠሁት›› ይባላል። ለመሆኑ ያኛው ማነው? ብዙ ጊዜ ማንም አጥብቆ የማይወደው፣ ማንም አጥብቆ የማይጠላው ሰው ነው። ሁሉም ሰው ጎረቤቴ ይወደዋል ብሎ የሚመርጠው ሰው ነው።

ታዲያ ይህ ብልህነት ነው ወይስ ፍርሃት? ዛሬ ማታ የምንነጋገረው በዚህ ላይ ነው።

በዱላ የተገኘች ድምጽ

አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንት የሚመረጠው ሁለት ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ እያንዳንዱ ፓርቲ ከራሱ ተፎካካሪዎች መካከል አንዱን እጩ አድርጎ ያወጣል። ፕራይመሪ የሚባለው ይህ ቅድመ ምርጫ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ይጀምርና እስከ ጁን ድረስ በየግዛቱ በተራ ይካሄዳል። ከዚያ በኖቬምበር የሁለቱ ፓርቲዎች እጩዎች ይገጥማሉ።

ህጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል። እዚህ ቨርጂኒያ መራጭ በፓርቲ አይመዘገብም፤ በፕራይመሪው ዕለት የአንዱን ፓርቲ ወረቀት ጠይቆ ይመርጣል። ወንዙን ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ስትገቡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ በፓርቲው አባልነት አስቀድሞ ያልተመዘገበ ሰው በፓርቲው የፕሬዚዳንት ፕራይመሪ ላይ ድምጽ የለውም። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስላላችሁ ነው ይህን የምለው። ስንቱ ወገናችን ነው ሄዶ ተሰልፎ ‹‹አንተ አትመርጥም›› ተብሎ የሚመለሰው!

ይህ አሰራር ከጥንት የመጣ እንዳይመስላችሁ። በ1968 ሁበርት ሃምፍሪ አንድም ፕራይመሪ ሳይወዳደር የዴሞክራቲክ ፓርቲ እጩ ሆኗል። የፓርቲ አለቆች መርጠው አቀረቡት። ቺካጎ ውስጥ ጉባኤው እየተካሄደ፣ ከአዳራሹ ውጪ የቬትናምን ጦርነት የሚቃወሙ ወጣቶች በፖሊስ ዱላ ይቀጠቀጡ ነበር። ዓለም ይህን በቴሌቪዥን አየ። ሃምፍሪም በኖቬምበር በኒክሰን ተሸነፈ። ፓርቲው ደንቡን ለውጦ ሥልጣኑን ከአለቆች እጅ ወደ ተራው መራጭ ያወረደው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ይህች ድምጽ በዱላ የተገኘች ድምጽ ናት። አለቆቹ ‹‹የሚያሸንፈውን እኛ እናውቃለን›› ሲሉ ‹‹እኛንም ጠይቁን›› በተባለ ጊዜ የተገኘች ናት። በእጃችን ከገባች በኋላ እኛው ራሳችን እንደ ፓርቲ አለቃ እያሰብን ‹‹ማን ያዋጣል?›› ብቻ ካልን ለምን ተለፋባት?

የፈሩት ሲደርስ

እስቲ ወደ 2004 ልውሰዳችሁ። ጆርጅ ቡሽ ኢራቅን ከወረረ ዓመት አልሞላውም። የቬርሞንት አገረ ገዢ የነበረው ሃዋርድ ዲን ገና ከጅምሩ ጦርነቱን ተቃውሞ ተነሳ። ብዙ የዴሞክራቲክ ፓርቲ መራጭ ልቡ ከዲን ጋር ነበር። በ2003 መጨረሻ ላይ በህዝብ አስተያየት ጥናቶች ይመራ ነበር። ጆን ኬሪ ደግሞ በኦክቶበር 2002 ለቡሽ የጦርነት ፈቃድ በሴኔት ድምጹን የሰጠ ሰው ነው።

ምርጫው ሲደርስ ምን ሆነ? ጃንዋሪ 19 ቀን 2004 አዮዋ ላይ ኬሪ አንደኛ ወጣ፤ ዲን ሦስተኛ ሆነ። በኋላም በየግዛቱ ከምርጫ ጣቢያ ሲወጡ የተጠየቁ መራጮች ሲቆጠሩ፣ ‹‹ከሁሉ በላይ የምፈልገው ቡሽን የሚያሸንፍ ሰው ነው›› ያሉት በብዛት ለኬሪ ሰጥተዋል። በመኪና ላይ የሚለጠፍ አንድ ጽሁፍ እንኳ ወጥቶ ነበር፤ ‹‹ከዲን ጋር ወጣሁ፣ ኬሪን አገባሁ›› የሚል። ቀልድ ነው፣ ግን ቁምነገር አለው። ጋብቻው የፍቅር አልነበረም፤ የስሌት ነበር።

ስሌቱ ምን ነበር? ‹‹ኬሪ ቬትናም የዘመተ ባለ ሜዳይ ጀግና ነው፤ ሪፐብሊካኖች ፈሪ ሊሉት አይችሉም›› የሚል። እሺ፣ ከዚያስ? በኦገስት 2004 የመቱት እዚያው ላይ ነው! የቀድሞ የባህር ኃይል ሰዎች ተሰባስበው የጦር ሜዳ ታሪኩ ውሸት ነው የሚል ማስታወቂያ ለቀቁበት። ለኢራቅ ዘመቻ የተጠየቀውን 87 ቢሊዮን ዶላር በተመለከተም ራሱ ኬሪ ‹‹መጀመሪያ ደግፌ ኋላ ተቃወምኩት›› የሚል አነጋገር ተናግሮ ስለነበር፣ አቋም የሌለው ወላዋይ አድርገው ሳሉት። ቡሽ 286 የኤሌክቶራል ድምጽ አግኝቶ ተመለሰ። ነገሩን የወሰነችው ኦሃዮ ናት፤ እዚያ ኬሪ የተሸነፈው በ118 ሺህ ገደማ ድምጽ ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደተባለውም ነው። መራጩ ለማሸነፍ ብሎ የሚያምንበትን ነገር አስቀመጠ፤ ድሉም አልመጣም፣ እምነቱም ሳይነገር ቀረ።

ዲን ቢቀርብ ኖሮ ያሸንፍ ነበር ወይ? አልልም። ማንም ሊል አይችልም። እንዲያውም ነጥቤ ይኸው ነው። ‹‹ያሸንፋል›› እና ‹‹አያሸንፍም›› የሚባሉት ነገሮች ግምት ናቸው። እጩው ምን እንደሚያምን ግን ዛሬ፣ አሁን፣ ከአፉና ከሥራው ማወቅ ይቻላል። የሚታወቀውን ለሚገመተው ስትለውጡ ዋጋውን አስቡበት ነው የምለው።

የመርህ ሰዎችም ወድቀዋል

አሁን አንዳንዶቻችሁ ‹‹ይኼ ሰውዬ መርህ መርህ ሊለን ነው›› እያላችሁ ይሆናል። ቆዩኝ! ወዲያኛውን ገጽም እንገልብጠው።

በ1972 ጆርጅ ማክገቨርን ቀረበ። የቬትናም ጦርነት ይቁም ያለ፣ ንጹህ የመርህ ሰው ነው። በኖቬምበር ምን ሆነ? ከ50ዎቹ ግዛቶች ያሸነፈው አንዷን ማሳቹሴትስን ብቻ ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲ ተጨምራ። ኒክሰን 520 የኤሌክቶራል ድምጽ ሲያገኝ ማክገቨርን 17 አገኘ። ምርጫው ካለፈ ወር ከምናምን በኋላ፣ በፈረንጆች ገና ሰሞን፣ ሃኖይ ላይ ቦምብ እንደ ዝናብ ወረደ። የሽንፈቱን ዋጋ የከፈለው ማክገቨርን ብቻ አይደለም። ደጋፊዎቹ ብቻም አይደሉም። በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ያለ፣ የምርጫ ወረቀት አይቶ የማያውቅ ሰው ከፈለ።

ይህን መርሳት የለብንም። መርሄን ጠበቅሁ ብሎ ተሸንፎ ቤቱ የሚገባ ሰው አለ፤ በዚያ ሽንፈት ከቤቱ የሚወጣ ሰውም አለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚሆን መርህ ለልጅ ጉሮሮ አይደርስም።

ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው በ1972 ‹‹ይህ ነው የሚያሸንፈው›› ተብሎ በትልልቆቹ ፖለቲከኞች የተደገፈው ኤድመንድ ሙስኪ ነበር። ሙስኪ ኒክሰንን ሊያሸንፍ ቀርቶ የራሱን ፓርቲ ፕራይመሪ መዝለቅ አቅቶት በአፕሪል ዘመቻውን አቆመ። ስለዚህ የ1972 ታሪክ ‹‹መርህ ይጥላል›› ብቻ አይደለም፤ አሸናፊ ተብሎ የሚቀባ ሰውም በመጀመሪያው ፈተና ሊወድቅ እንደሚችል ያሳያል።

ከዚያ በፊት በ1964 ሪፐብሊካኖቹም ይህንኑ ሞክረዋል። ባሪ ጎልድዋተር የሚባለውን ቀኝ አክራሪ ሴናተር አቀረቡ። ስድስት ግዛት ብቻ አሸንፎ በሊንደን ጆንሰን ተደቆሰ። ነገር ግን በዚያ ዘመቻ ስለ ጎልድዋተር በቴሌቪዥን ቀርቦ የተናገረ አንድ የፊልም ተዋናይ ነበር፤ ሮናልድ ሬገን። ከ16 ዓመት በኋላ ያው ሬገን ‹‹አክራሪ ነው፣ አርጅቷል፣ አያሸንፍም›› እየተባለ ቀርቦ 44 ግዛቶችን ጠራርጎ ወሰደ። የተሸነፈ ሐሳብ ሁሉ የሞተ አይደለም።

መርህ ሲባል ደግሞ ሁሉም ቅዱስ ነው ማለት አይደለም። ጎልድዋተር በ1964 የወጣውን የጥቁሮች የሲቪል መብት ህግ ተቃውሞ ድምጽ የሰጠ ሰው ነው። እሱም ‹‹በመርሄ ነው›› ብሏል። ስለዚህ እጩው ‹‹አቋም አለው›› ሲባል ብቻ አጨብጭበን አንሂድ፤ አቋሙ በማን ላይ የቆመ ነው ብለን እንጠይቅ።

‹‹ነጭ አይመርጠውም››

በዚሁ ከተማ ታክሲ እየነዱ አራት ልጆች ያስተማሩ አንድ አባት አሉ። ስማቸውን አልጠራም። አንድ ቀን ስለ 2008 ሲያጫውቱኝ እንዲህ አሉኝ፤ ‹‹ልጄ፣ ልቤ ኦባማ ጋ ነበር። ግን ነጭ አይመርጠውም ብዬ ለሂላሪ ልሰጥ ወስኜ ነበር። ድምጼ ለምን ይባክናል ብዬ!››

እሳቸው ብቻ አይደሉም። በ2007 ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን መራጮች ራሳቸው ከሂላሪ ክሊንተን ጋር ነበሩ። ‹‹ይህቺ አገር ለጥቁር ፕሬዚዳንት አልደረሰችም›› ይባል ነበር። ጃንዋሪ 3 ቀን 2008 ግን አዮዋ፣ ከ10 ሰው ከ9 በላይ ነጭ በሆነበት ግዛት፣ ኦባማ አንደኛ ወጣ። በዚያው ወር መጨረሻ ደቡብ ካሮላይና ላይ 55 በመቶ አገኘ። ፌብሩዋሪ 12 ቀን ተራው የቨርጂኒያ ነበር፤ እኚያ አባትም ታክሲያቸውን አቁመው ገብተው ልባቸው የነበረበትን መረጡ። ኦባማ ቨርጂኒያን በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። በኖቬምበር ደግሞ ከ1964 ወዲህ ለዴሞክራቲክ ፓርቲ እጩ ድምጿን ሰጥታ የማታውቀው ቨርጂኒያ ለኦባማ ሰጠች። በአገር ደረጃ 365 ለ173 አሸነፈ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እኚያ አባት ኦባማን ሊተዉ የነበረው ለምንድነው? እሳቸው ዘረኛ ሆነው ነው? አይደለም። ሌላው ሰው ዘረኛ ነው ብለው ስለገመቱ ነው። ግን በዚያ ግምት ቢመርጡ ኖሮ ድምጹ ሲቆጠር ከዘረኛው ድምጽ ጋር አንድ ላይ ነበር የሚቆጠረው! ወረቀቱ ‹‹እኔ ወድጄው ነበር›› አይልም። ሳጥኑ ውስጥ የገባ ድምጽ ምክንያት አይጻፍበትም።

‹‹አያሸንፍም›› ከሚለው ቃል ሁሌ የምፈራው ይህን ነው። የራሳችን ያልሆነ ጥላቻን ከሰው ተበድረን በራሳችን እጅ እንድንመርጥበት ያደርገናል። ‹‹ሴት አይመርጡም፣ ጥቁር አይመርጡም፣ ሙስሊም አይመርጡም፣ ስሙ አስቸጋሪ ነው፣ የአነጋገር ዘዬ አለው›› እንላለን። ወገኖቼ፣ እኛው ነን እኮ ስማችን የሚያስቸግራቸው! ነገ የእኛ ልጅ ለምክር ቤት ሲወዳደር ጎረቤቱ ‹‹ጎበዝ ነው፣ ግን በዚህ ስም አያሸንፍም›› ቢል ምን ይሰማናል?

ሲሳካም አይተናል

ሚዛኑ እንዳያጋድል ሌላኛውንም ወገን ልናገር። ‹‹የሚያሸንፈውን›› መርጦ ያሸነፈም አለ።

በ2020 ጆ ባይደን አዮዋ ላይ አራተኛ፣ ኒው ሃምፕሸር ላይ አምስተኛ ወጥቶ አለቀለት ሲባል፣ ፌብሩዋሪ 29 ቀን ደቡብ ካሮላይና ላይ በርኒ ሳንደርስን ከሁለት እጥፍ በላይ በሆነ ድምጽ አሸነፈ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ተፎካካሪዎቹ ወጥተው ደገፉት፤ ማርች 3 ቀን ድምጽ ከሰጡት 14 ግዛቶች አሥሩን ወሰደ። በኖቬምበርም ትራምፕን 306 ለ232 አሸነፈ። ልዩነቱ ግን ቀጭን ነበር፤ ጆርጂያ ላይ 12 ሺህ የማይሞላ፣ አሪዞና ላይ 11 ሺህ የማይሞላ ድምጽ ነው።

የደቡብ ካሮላይና ሽማግሌ ጥቁር መራጮች ያንን ሲያደርጉ ፈሪ ናቸው የሚል ካለ ታሪካቸውን አያውቅም። በልጅነታቸው የመምረጥ መብት ሲከለከል ያዩ ሰዎች ናቸው። ሽንፈት ለእነሱ የቴሌቪዥን ክርክር አይደለም። ጎረቤታቸውን ያውቃሉ፤ ስሌታቸውም ከሚያውቁት የተነሳ እንጂ ከወሬ የተነሳ አልነበረም። ይህን አከብራለሁ።

የሳንደርስ ደጋፊዎችስ? ድምጻቸው ባከነ ወይ? አልባከነም። ባይደን ሰፊ ደጋፊ ያለው ተፎካካሪ ስለነበረበት፣ ከሳንደርስ ሰዎች ጋር በጤና፣ በአየር ንብረት፣ በኢሚግሬሽን፣ በኢኮኖሚና በመሳሰሉት ላይ ስድስት የጋራ ግብረ ኃይሎች አቋቁሞ የፖሊሲ ሐሳብ እንዲያወጡ ተገደደ። በፕራይመሪ ለሐሳብ የተሰጠ ድምጽ እጩው ባይመረጥም እንኳ ደረሰኝ አለው።

በሪፐብሊካኑ ሰፈርስ? በ2012 ሚት ሮምኒን ‹‹ይህ ነው የሚያሸንፈው›› ብለው አቀረቡ፤ ተሸነፈ። በማርች 2013 የፓርቲው ኮሚቴ አንድ ሰፊ ሪፖርት አወጣ፤ በኢሚግሬሽን ላይ ካልለዘብን አናሸንፍም የሚል። ከሦስት ዓመት በኋላ ዶናልድ ትራምፕ የሪፖርቱን ተቃራኒ ይዞ እጩ ሆነ። ስንቱ ተንታኝ ሳቀበት! በዚያው ዓመት ዴሞክራቶቹ ‹‹ልምድ ያላት፣ የምታሸንፈው እሷ ናት›› ብለው ሂላሪን አቀረቡ። በጠቅላላ ድምጽ በ3 ሚሊዮን ገደማ በልጣ፣ በዊስኮንሲን፣ በሚሺጋንና በፔንሲልቫኒያ በድምሩ 80 ሺህ በማይሞላ ድምጽ ሥልጣኑን አጣች።

የ2024ቱን ደግሞ አይታችኋል። ‹‹በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ነው፣ አንዴ አሸንፎታል›› ተብሎ ባይደን ጠንካራ ተፎካካሪ ሳይገጥመው ፕራይመሪውን አለፈ። ጁን 27 ቀን ከትራምፕ ጋር ተከራከረ፤ ጁላይ 21 ቀን ራሱን አገለለ። ካማላ ሃሪስ በፕራይመሪ ሳትፈተን እጩ ሆነች። ትራምፕ 312 ለ226 አሸነፈ። ያልተፈተነ ‹‹ያሸንፋል›› ከሁሉ የከፋ ነው።

እንግዲህ ደብተሩን ስንዘጋው ምን እናገኛለን? አሸናፊ የተባለ አሸንፏል፣ አሸናፊ የተባለ ተሸንፏል፤ የመርህ ሰው ተደቁሷል፣ አያሸንፍም የተባለ ዋይት ሃውስ ገብቷል። ከዚህ ውስጥ ‹‹ሁሌ ይህን አድርግ›› የሚል ቀመር አይወጣም። የሚወጣው ቅደም ተከተል ነው።

መርህ ወንፊት፣ ማሸነፍ ሚዛን

እናቶቻችን ጤፍ ሲገዙ ምን ያደርጋሉ? መጀመሪያ ጥራቱን ያያሉ፤ አፈር አለበት ወይ፣ እንክርዳድ አለበት ወይ ይላሉ። ሚዛን ላይ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። አፈር የተቀላቀለበት ጤፍ ሚዛን ላይ ከባድ ስለሆነ ብቻ አይገዛም። እጩም እንዲሁ ነው። መርህ ወንፊቱ ነው፤ ማሸነፍ ሚዛኑ ነው። መጀመሪያ ይነፋ፤ የተረፈው ይመዘን።

አንደኛ፤ በወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፉ። በምንም የማትለውጧቸውን ሦስት ብቻ። ለአንዱ የእናቱ ቪዛ ነው። ለአንዷ የልጇ የጤና መድህን ነው። ለሌላው ጦርነት ነው። ሠላሳ ነገር ከጻፋችሁ የሚያልፍላችሁ እጩ የለም፤ ምንም ካልጻፋችሁ ደግሞ ሁሉም ያልፋል። በእነዚህ በሦስቱ ላይ የወደቀ እጩ ያሸንፋል ቢባል እንኳ አይለፍ። ምክንያቱም እሱ ሲያሸንፍ የሚያሸንፈው እናንተን ነው።

ሁለተኛ፤ ካለፉት መካከል ‹‹ይህ ያሸንፋል›› የሚላችሁን ሰው ‹‹በምን አወቅህ?›› በሉት። የተቆጠረ ድምጽ ነው ወይስ የቴሌቪዥን አፍ? ምርጫው ዓመት ሲቀረው የሚወጣ የአስተያየት ጥናት በአብዛኛው የሚለካው የማንን ስም ሰው እንደሚያውቅ ነው። እጩው ከዚህ በፊት በአስቸጋሪ ግዛት ተወዳድሮ አሸንፏል ወይ? ቀድመው ድምጽ የሰጡ ግዛቶች ምን አሉ? እዚህ ላይ ያለ ማስረጃ ማስረጃ ነው፤ ሌላው ሟርት ነው።

ሦስተኛ፤ ‹‹ቢሸነፍ ማን ይከፍላል?›› ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ዜግነቴን ይዣለሁ፣ ፓስፖርቴ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ጉዳዩ ያልተወሰነለት የጓዳ ጎረቤቴስ? ዋጋው በሌላ ሰው ትከሻ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ያንን ሰው ቁጭ አድርጎ መስማት ያስፈልጋል። መርህ የሚባለው ነገር በሌላ ሰው ኪስ የሚከፈል ሲሆን ርካሽ ይሆናል።

አራተኛ፤ የቆጠራውን ደንብ እወቁ። በዴሞክራቲክ ፓርቲ ፕራይመሪ አንድ እጩ ወደ ጉባኤ የሚላኩ ተወካዮችን ለማግኘት ቢያንስ 15 በመቶ ድምጽ ያስፈልገዋል። በግዛት ደረጃም በየምርጫ ክልሉም ከዚያ በታች ከሆነ ከዚያች ግዛት ባዶ እጁን ይሄዳል። በሪፐብሊካን ፓርቲ በብዙ ግዛቶች አንደኛ የወጣው ሁሉንም ወይም አብዛኛውን ይወስዳል። እጩያችሁ እዚያ መስመር አካባቢ ከሆነ አንዲት ድምጽ ትልቅ ነገር ናት። በጣም በታች ከሆነ ደግሞ ድምጻችሁ መልእክት ናት፤ መልእክት መሆኑን አውቃችሁ ስጡ። በ2024 ሚሺጋን ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ስለ ጋዛ ጦርነት ብሎ ‹‹ለማንም አልወሰንኩም›› የሚለውን ሳጥን መርጧል። እጩ አላስመረጠም፤ ግን አገሩ ሰምቶታል።

አምስተኛና መጨረሻ፤ ኖቬምበር ሌላ ቀን ነው። በፕራይመሪ የሚጠየቀው ‹‹ምን ትፈልጋለህ?›› ነው። በኖቬምበር የሚጠየቀው ‹‹ከሁለቱ የቱ ይሻልሃል?›› ነው። ሁለቱን ጥያቄ የሚያምታታ ሰው ሁለቱም ላይ ይሳሳታል። በፕራይመሪ ‹‹ከሁለቱ የቱ ይሻላል›› እያለ ልቡ የሌለበትን ይመርጣል፤ በኖቬምበር ደግሞ ‹‹የምፈልገው የለም›› ብሎ ቤቱ ይቀራል። መሆን ያለበት ግልባጩ ነው።

‹‹በፕራይመሪ ብዙ ከተጣላን በኖቬምበር እንዳከማለን›› የሚሉም አሉ። ኦባማና ሂላሪ በ2008 እስከ ጁን ድረስ ተያይዘው ነው የዘለቁት፤ በዚያው ዓመት ፓርቲያቸው አሸንፏል። የሚያዳክመው ክርክር አይደለም፤ ከክርክሩ በኋላ አኩርፎ መቅረት ነው።

ለአገር ቤት አንባቢ

ይህ ንግግር አገር ቤት በጋዜጣ እንደሚወጣ ስለማውቅ አንዲት ነገር ልጨምር። እኛ አገር ፕራይመሪ የሚባል የለም። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች ናቸው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም የሚመጣው በምክር ቤት ወንበር ነው። የፓርቲ እጩ የሚለየው በፓርቲ ጽህፈት ቤት ውስጥ እንጂ በሰፈር ሰልፍ አይደለም። ‹‹አያሸንፍም›› የምትለው ቃል ግን ከእነ ጓዟ አለች።

በ2005፣ በእኛው በ1997፣ ከምርጫው በፊት ስንቱ ነው ‹‹ተቃዋሚ የት ያሸንፋል? ድምጽ ማባከን ነው›› ያለው! አራት ፓርቲዎች ልዩነታቸውን አቻችለው ቅንጅት ብለው ቀረቡ። ያ ህዝብ ‹‹ያሸንፋሉ ወይ?›› ብሎ ጎረቤቱን ሳይጠብቅ ሌሊት ወጥቶ ተሰለፈ፤ አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ የሞተውንና የታሰረውን፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋል። እኔ የማነሳው አንዲቷን ማለዳ ነው። በዚያች ማለዳ ‹‹አያሸንፍም›› የሚለው ቃል ዋጋ አጥቶ ነበር። ዋጋ ያሳጣው ተንታኝ አይደለም፤ መራጭ ነው።

ወደናንተ ልመለስና ላብቃ። በ2028 ፕራይመሪ ብዙ ስም ታያላችሁ። በቴሌቪዥን ገና ከአሁኑ ማን እንደሚያሸንፍ የሚነግሯችሁ ሞልተዋል። ለእነሱ ሥራቸው ነው፤ ደመወዝ ይከፈላቸዋል። እናንተ ግን ለመገመት የሚከፍላችሁ የለም። የእናንተ ሥራ መምረጥ ነው። ሜሪላንድ ያላችሁ የፓርቲ ምዝገባችሁን ዛሬ ማታ ተመልከቱ። ቨርጂኒያ ያላችሁ አድራሻችሁ መስተካከሉን እዩ። ሦስቷን ነገር ጻፉ፣ እጩዎቹን አንፉ፣ የቀሩትን መዝኑ። ከዚያ ሳጥኑ ፊት ስትቆሙ ጎረቤታችሁ ምን እንደሚያስብ ለጎረቤታችሁ ተዉለት፤ እሱም ለመምረጥ ነው የሄደው።

 አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።